«ክፈት» የማትለው ስልክ

ቀይዋ ስልክ ግድግዳችን ላይ በተሰቀለችበት ቀን ወንድሜ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። አሁን ሳስታውሰው ያ ሳቅ አንጀቴን ያቃጥለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደኛ ላሉ ትንንሽ የኢንተርኔት አቅራቢዎች አዲስ መመሪያ ወጣ። መንግሥት በፈለገው ጊዜ፣ ምክንያቱን ሳይናገር፣ መስመር እንድንዘጋ ሊያዘን ይችላል። ይህስ አዲስ አይደለም። ድሮም በተራ ስልክ እየደወሉ «ዝጉ» ይሉናል፣ ሲበቃቸው «ክፈቱ» ይሉናል፣ እኛም እያጉረመረምን እንታዘዛለን። አዲሷ ነገር ስልኳ ናት። ከእንግዲህ ትዕዛዝ የሚመጣው በቀይዋ ስልክ ብቻ ነው ተባለ። በተራ ስልክ የተነገረ፣ በወረቀት የተጻፈ፣ በሰው የተላከ ቃል ሕጋዊ አይደለም። ቀይዋ ትጮሃለች፣ መስታወቷ ላይ «ዝጋ» የሚል ይወጣል፣ አንዷን መጫኛ ተጭነን መድረሱን እናረጋግጣለን፣ ከዚያ እንዘጋለን። «ክፈት» ሲመጣም እንደዚያው። መልካም። ችግሩ ስልኳ የምትሠራው በኢንተርኔት መሆኑ ነው። በማን ኢንተርኔት? በራሳችን፣ ዝጉት በምንባለው በዚያው መስመር።

ለሥልጠና ሰብስበውን ሳለ እጄን አወጣሁ። «መስመሩን ስንዘጋ ስልኳም አብራ ትሞታለች። ታዲያ ክፈቱ የሚለውን በምን እንስማ?»

አሠልጣኙ ፈገግ አለ። «መመሪያው በባለሙያዎች በሚገባ ተጠንቶ የወጣ ነው።»

«ባለሙያዎቹ ስልክ አይተው ያውቃሉ?»

አፌ እንዲህ ነው፤ ከኔ ቀድሞ ይሮጣል። አዳራሹ በሳቅ አውካካ። አሠልጣኙ ግን አልሳቀም፣ ወንድሜም ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ። ከዚያ በኋላ ጥያቄ ያለው ሰው ጠፋ፣ ሁላችንም ቀይ ቀይ ስልካችንን አቅፈን ወደየቤታችን ገባን።

ወንድሜን ሰፈሩ በሙሉ ድመቱ ይለዋል፣ ከመሬት ይልቅ ጣሪያ ላይ ስለሚውል። ትልቁ ኩባንያ ዳገቱን ሰፈር «አያዋጣኝም» ብሎ ሲተወው፣ በየጣሪያው አንቴና ተክለን ከቤት ቤት እያቀባበልን መስመር ያስገባንለት እኛ ነን። እሱ ይወጣል፣ ይተክላል። እኔ የመሣሪያውን ክፍል እጠብቃለሁ፣ ከደንበኛ ጋር እጨቃጨቃለሁ፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር እጣላለሁ። ይህ የመጨረሻው ሥራ ሌሎቹን በላቸው። ፈቃድ በታደሰ ቁጥር አዲስ ጣጣ አለ። አንድ ጊዜ የመሣሪያው ክፍል መስኮት ይኑረው ብለው ግድግዳ አስፈረሱን። በዓመቱ ሌላ ሰው መጣና «የመሣሪያ ክፍል መስኮት እንዴት ይኖረዋል?» ብሎ ጮኸብን፤ ደፈንነው። የእሳት ማጥፊያው ከበሩ በስተቀኝ ይሁን አሉ፣ በስተቀኝ አደረግነው፤ ከውጭ ነው ወይስ ከውስጥ ሲታይ የሚለው ላይ ሁለት ተቆጣጣሪዎች ፊቴ ተጣሉ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ግን «መስመሩ ለሕዝቡ በደንብ ይደርሳል ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ አንድም የለም።

ስቀን ብቻ እንዳናልፈው ያደረገን የታችኛው ሰፈር አቅራቢ ዕጣ ነው። ሸምገል ያሉ፣ ጨዋ ሰው ናቸው። ቀይዋ ስልክ ለሙከራ ያህል የጮኸች ዕለት ፀጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ ነበሩ። ለሙከራ! የሚዘጋም የሚከፈትም ነገር አልነበረም። በጊዜው አላረጋገጡም ተብሎ ክፍላቸው ታሸገ፣ ፈቃዳቸው ተሰረዘ። አሁን መንገድ ዳር የስልክ ሽፋን ይሸጣሉ። ባገኘኋቸው ቁጥር እጃቸው ወደ ፀጉራቸው ይሄዳል።

ከዚያ በኋላ መመሪያውን እንደ ጸሎት አጠናሁት። «ዝጋ» ከመጣ በኋላ «ክፈት» እስኪመጣ ድረስ ኃላፊዋ ከመሣሪያው ክፍል ንቅንቅ አትልም። ኃላፊዋ እኔ ነኝ።

አሁን ስለ ትንሿ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የእሷ ነውና።

ትንሿ የመጨረሻ እህታችን ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጆሮዋ አይሰማም። ከትምህርት ቤት በጊዜ ስላስወጧት ጽሑፍም አልሆነላትም፤ ስሟን ትጽፋለች፣ ከዚያ ያለፈው ያደክማታል። በእጇ ስታወራ ግን ማን ይችላታል! ነገረኛ ናት፣ ቀልደኛ ናት፣ የሰው አረማመድ በጣቷ አስመስላ ታስቃለች። እኔን የምትጠራኝ አራት ጣቷን ከአውራ ጣቷ ጋር አፏ አጠገብ እየከፈተች እየዘጋች ነው። ለፍላፊዋ ማለቷ ነው። መልኬን ወይም ቁመቴን ትታ ለፍላፊነቴን መምረጧ ይገርመኛል፣ ሰምታኝ አታውቅም እኮ።

ዳገቱ ላይ ባለች ቤቷ የተማሪ ቦርሳ ትሰፋለች። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከወጣ ሳምንታት ይቆያል። ያረገዘችው ብዙ ዓመት ጠብቃ፣ ተስፋ ቆርጣ ካበቃች በኋላ ነው። ሐኪሟ የእንግዴ ልጁ አቀማመጥ ጥሩ አይደለም ብሎ አስጠንቅቋታል። «ደም ካየሽ እንዳትቀመጪ፣ ያኔውኑ ነይ» ብሏታል፤ ሲላት አጠገቧ ቆሜ በእጄ ያስተረጎምኩላት እኔ ነኝ። እኔ ጋ ነይ ብዬ ለምኛት ነበር። «የስፌት መኪናዬን ማን ያቅፍልኛል?» አለችኝና ሳቀች።

ስለዚህ ተስማማን። ተራ ጥሪ ለማትሰማ ምን ይሠራላታል ብለን ስልኳ ውስጥ ሲም ካርድ እንኳ አላስገባንም። አንዳች ነገር ቢሰማት በቪዲዮ ትደውላለች፣ እኔ ወይም ድመቱ እንበርራለን። ድመቱ ደግሞ ለእሷ ሲል እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። ድሮ በሯ ላይ ደወል ነበር፤ ሲጫኑት በድምፅ ፋንታ ቤት ውስጥ አምፖል ብልጭ ይላል፣ በአንዲት ቀጭን ሽቦ የሚሠራ። እሱ ያንን ነቀለና በየክፍሉ አዲስ መብራት ገጠመላት። በሩ ሲነካ ይበራል፣ እኛ ስንደውል ይበራል፣ ድመቱ ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎም ቢሆን ከስልኩ ሊያበራላት ይችላል። ሁሉም በመስመራችን ነው የሚሠራው። «ሽቦ ያለፈበት ነገር ነው» አለ፣ የነቀለውን ጠቅልሎ እየጣለ።

ያን ቀን ጠዋት እንደ ወትሮው በቪዲዮ ተያየን። ሆዷን ወደ ካሜራው አቀረበችና «ይህ ልጅ ወደ አጎቱ ነው የወጣው፤ ሲወጣ ሲወርድ አደረ» አለች በእጇ። ያበጠ እግሯን አሳየችኝ፣ በእግሯ አሾፈች። ለመውለጃዋ ገና ሳምንታት ቀርተዋት ነበር።

«ምሳ ላይ እደውልልሻለሁ» አልኳት።

«ለፍላፊዋ፣ በልተሽ ደውይ። አፍሽ ሞልቶ ስታወሪ እጅሽም ይንተባተባል» አለችና ሳመችኝ፣ መስታወቱን።

ድመቱ ከከተማ ውጭ ያለውን ምሰሶ ሊጠግን ወጥቶ ነበር። ብቻዬን ነበርኩ ቀይዋ ስልክ ስትጮህ። ድምፅዋ የሚያቅለሸልሽ ነገር አለው። «ዝጋ» ይላል። ለምን? አይልም። እስከ መቼ? አይልም። አረጋገጥኩ። ግድግዳው ላይ ካለው ሳጥን ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ ወደ ታች ሳብኩት። የመሣሪያዎቹ መብራት ጠፋ፣ ማራገቢያዎቹ ቆሙ፣ ቀይዋም እንደተባለው ሞተች። ትንሿን አሰብኳት እንጂ አላሰብኳትም አልልም። ግን አሁን ደህና ናት፣ ጠዋት አይቻታለሁ፣ ለአንድ አፍታ ነው አልኩ። ለአንድ አፍታ ነው ማለት እንዴት ይቀላል።

ድመቱ ከምሰሶው ወርዶ በተራ ስልክ ደወለ። «ምን ሆነ? ሁሉም ጠፋ እኮ።»

«ዝጉ ብለው ነው።»

«ትንሿስ?»

«ጠዋት ደህና ነበረች። አንተ ሥራህን ጨርስ።»

ብዙም ሳይቆይ አሻጊው መጣ። የዘጋነውን ማሸግ የመመሪያው ሌላ አንቀጽ ነው። ትሑት ወጣት ነው፣ ጫማውን በሩ ላይ ጠርጎ ነው የገባው። የማብሪያ ማጥፊያውን ሳጥን በቀጭን ሽቦ ጠለፈና በእርሳስ አተመው።

«ይህች ስልክ እንደሞተች ያዩልኛል?» አልኩት።

አየ። «መስመሩ ስለተዘጋ ነው።»

«ታዲያ ክፈት የሚለውን በምን ልስማ?»

ስልኳን አየ፣ ሳጥኑን አየ፣ እኔን አየ። ነገሩ እንደገባው ከፊቱ አነበብኩ፤ ገብቶት ደግሞ ባይገባው ይሻለው እንደነበር።

«እኔ ከማሸግ ክፍል ነኝ» አለ በመጨረሻ። «የመክፈት ክፍል ሌላ ነው።»

«እባክዎ የኔ ወንድም፣ በተራ ስልክ እንዲደውሉልኝ ይንገሯቸው።»

«በተራ ስልክ ሕጋዊ አይደለም፤ ያውቁታል። ማኅተሙን ያለ ትዕዛዝ የሰበረ ፈቃዱ ይሰረዛል፣ በወንጀልም ይጠየቃል። ከክፍሉም እንዳይወጡ አደራ። ትዕዛዙ ሲመጣ ካላረጋገጡ...» እጁን አወዛወዘ፣ ቀሪውን ላለመናገር። ከዚያ አመስግኖኝ ደረጃውን ወረደ።

ተቀመጥኩ። የሞተች ስልክ ፊት ለፊት ወንበር ስቤ፣ ትጮህ እንደሆነ ብዬ ተቀመጥኩ። ሞኝ አይደለሁም። እንደማትጮህ አውቃለሁ። ግን በሩን በከፈትኩ ቁጥር የታችኛው ሰፈር ሰውዬ እጅ ወደ ፀጉራቸው ሲሄድ ይታየኛል። ይህ ክፍል የኔና የድመቱ እንጀራ ነው፣ የትንሿም የሕክምና ወጪ ከዚሁ ነው። ደንበኞች በተራ ስልክ ይደውላሉ፣ ይሰድባሉ። አንዷ «ሌቦች!» ብላ ዘጋችብኝ። እኔ ምን ልበላት? መንግሥት ነው እንዳልላት የመዝጊያውን ትዕዛዝ ለደንበኛ መናገርም የተከለከለ ነው። «የቴክኒክ ችግር ነው» እንድንል ነው የሠለጠንነው።

ምሳ ሰዓት ደረሰ። እደውላለሁ ብያታለሁ። ሳልደውል ስቀር ምን ታስባለች? ከሷ ቤት ፊት ለፊት ላሉት ባለሱቅ ደወልኩ። ደግ ሽማግሌ ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፋችውን ቦርሳ ሱቃቸው በር ላይ ይሰቅሉላታል።

«ጋሼ፣ እባክዎ ትንሿን አንዴ ብቅ ብለው ይዩልኝ።»

ስልኩን እንደያዙ መንገዱን ሲሻገሩ ሰማሁ፣ እስትንፋሳቸው፣ የጫማቸው ኮሽታ። በሩን አንኳኩ። ደግመው አንኳኩ።

«ልጄ፣ መጋረጃው ተዘግቷል። ዝም ብሏል ቤቱ። ተኝታ ይሆናል።»

«ደወሉን ይጫኑት ጋሼ፣ መብራት ይበራላታል...»

ይህን ብዬ ሳልጨርስ ገባኝ። አይበራም። በመስመራችን ነው የሚሠራው። ድመቱ ሽቦውን ነቅሎታል። በዚያች በቀይዋ ስልክ ሆዳችንን ይዘን ስቀን፣ ወደ ቤት ሄደን የእህታችንን በር እዚያው መስመር ላይ አሰርነው። የሳቅንባቸው ሰዎች ከኛ በምን አነሱ?

«ጋሼ፣ እሷ ማንኳኳት አትሰማም። በሩን ይስበሩት።»

«እንዴት? እኔ የሰው በር ልስበር?»

«እኔ ነኝ የምልዎት! እህቷ ነኝ!»

«ልጄ፣ በስልክ እኮ ነው። ባሏ ቢመጣ፣ ፖሊስ ቢጠይቀኝ ማን አለኝ? ደህና ተኝታ ብትሆንስ? በዚህ ዕድሜዬ በር ሰባሪ ልባል? ትንሽ እንጠብቅ፣ ትነሳ ይሆናል።»

«እርስዎ ሰው አይደሉም!» አልኳቸው። አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ዘጋሁባቸው። ደሜ እየፈላ ቀና ስል ዓይኔ ሳጥኑ ላይ ያለችውን እርሳስ አገኛት፣ የጥፍር ያህል ናት። እሳቸው በአንድ የስልክ ቃል ብቻ የሰው በር አልሰብርም አሉ። እኔ ግማሽ ቀን ሙሉ እርሳስ ፈርቼ ተቀምጫለሁ።

ለመሥሪያ ቤቱ ደወልኩ። ተያዘ። ደወልኩ። ተያዘ። ሙዚቃ አሰሙኝ። አንዲት ሴት አነሳች፣ ድምፅዋ እንደ ማር ነው።

«ክፈት የሚለው ትዕዛዝ መቼ ነው የሚመጣው?» አልኩ።

የፈቃድ ቁጥሬን ጠየቀችኝ። ነገርኳት። የምትነካካው ነገር ሲንቋቋ ይሰማኛል። «ትዕዛዙ ከተላለፈ ቆይቷል እመቤት። ማረጋገጫ ግን ከእርስዎ አልደረሰንም። መዘግየት ተመዝግቦብዎታል።»

«ተላለፈ? እንዴት ይተላለፋል! ስልኳ የሞተች ናት! የሞተችው ደግሞ እናንተ ዝጉ ስላላችሁ ነው!»

«በመሣሪያው ላይ ያረጋግጡ፣ ከዚያ የማኅተም አንሺ ቡድን ይላክልዎታል።»

«ማኅተሙ ካልተነሳ መሣሪያው አይሠራም እኮ፣ የኔ እናት። እህቴ ነፍሰ ጡር ናት። አትሰማም። ብቻዋን ናት። እባክሽ በአምላክ፣ አሁን በቃል ክፈቺ በይኝ። አንዲት ቃል።»

የምትነካካው ነገር መንቋቋቱን አቆመ። ሰው መሆኗን ያወቅኩት ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ንግግሩ እየተቀዳ ነው» አለችኝ። መመሪያው እንደማይፈቅድላት አከለች።

ለድመቱ ደወልኩ። ቃል አላስጨረሰኝም፤ ሞተሩን ሲያስነሳ ሰማሁ። ግን ያለበት ሩቅ ነው።

ከሥራ ሣጥኑ ውስጥ መቁረጫ አነሳሁ። በመጀመሪያው ሽቦዋ አመለጠችኝ። በሁለተኛው ቆረጥኳት። እርሳሷ ወለሉ ላይ ወድቃ ተንከባለለች፣ እኔም ማብሪያ ማጥፊያውን ወደ ላይ ገፋሁት። መሣሪያዎቹ ሲነሱ ጊዜ ይወስዳሉ፤ ያንን የማላውቅ ይመስል ሳጥኑን በጥፊ መታሁት። ማራገቢያዎቹ ዞሩ፣ መብራቶቹ ተራ በተራ በሩ።

መጀመሪያ የጮኸችው ቀይዋ ናት። መስታወቷ ላይ «ክፈት» ይላል፣ ከሥሩ የተላከበት ሰዓት ተጽፏል። አሻጊው ደረጃውን ወርዶ መንገዱን ሳይሻገር ነበር የላኩት። የዘጉበት ምክንያት ምንም ይሁን ምን ወዲያው አልፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተቀመጥኩት ሁሉ በከንቱ ነው፣ የተከፈተ በር ቆልፌ ነው።

ቀጥሎ የኔ ስልክ ተንቀጠቀጠ። ከትንሿ ነው፤ መደወሉ እምቢ ሲላት ቀርጻ የላከችው፣ መስመሩ ሲመለስ ገና የደረሰ። ቪዲዮ። አሁንም ቪዲዮ። አሁንም። አሁንም።

በመጀመሪያው ቆማለች፣ የስፌት መኪናዋን ተደግፋ። «ሆዴን ትንሽ አመመኝ። አትደንግጪ። ግን ነይ» አለች በእጇ። ፊቷ ላይ ሳቅ ለማምጣት ትሞክራለች። የተቀረጸበትን ሰዓት አየሁት። «ክፈት» ከተላከ ብዙ ቆይቶ ነው።

በሁለተኛው ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። «ደም አለ። ድመቱን ላኪው። ቶሎ።»

በሦስተኛው ስልኩን የሆነ ነገር ላይ አስደግፋዋለች፣ ፊቷ ወረቀት መስሏል። «ካያችሁኝ መብራቱን አብሩልኝ። ለምን አታበሩልኝም?» ጣሪያውን ትመለከታለች፣ መልሳ ካሜራውን ታያለች፣ ደግሞ ጣሪያውን። መብራቱን እየጠበቀች ነው። እጇን ስታነሳ ጣቶቿ ቀልተዋል።

በመጨረሻው ፊቷ አይታይም። አንድ እጅ ብቻ ነው፣ ከምንጣፉ ላይ። አራቱ ጣቶች ከአውራ ጣቷ ጋር ይገጥማሉ፣ ይላቀቃሉ፣ ይገጥማሉ። ትጠራኛለች። ከዚያ እጇ ወደቀ፣ ቪዲዮው ግን ጣሪያውን እያሳየ ቀጠለ።

እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም። ባለሱቁ ስልኩን ሲያነሱ ቃል አልወጣኝም፣ ጩኸት ብቻ ነው። ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። ስልኩ ሲወድቅ ሰማሁ፣ ሮጠው ሲሄዱ፣ ከዚያ ብረት እንጨት ሲመታ። ደግመው መቱት። በሩ ተገነጠለ። «ወይኔ ልጄን!» አሉ። እኔ ያኔ መንገድ ላይ ነበርኩ፤ ክፍሉን ክፍት ትቼ፣ ባዶ እግሬን ይሁን በጫማ አላወቅኩም፣ የመጣውን መኪና ሁሉ እጄን ዘርግቼ አስቆማለሁ።

እሷ ተረፈች። ባለሱቁ በጎረቤት ታክሲ አስጭነው፣ ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ አድርገው ነው ሆስፒታል ያደረሷት። ልጁ አልተረፈም። ወንድ ነበር። ሐኪሙ እጁን እየታጠበ፣ ዓይኔን ሳያይ፣ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ...» አለና ተወው። ለሁሉም የሚለው ነገር ይሆናል። እኔን ግን እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው የከበደኝ።

ድመቱ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቁጢጥ ብሏል። ከመጣ ጀምሮ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ «ሽቦውን እኔ ነኝ የነቀልኩት።» ተው ብለው አልሰማ አለኝ። አጠገቡ ልቀመጥ ስል ስልኬ ጮኸ። አሻጊው ወጣት ነው። የሰበርኩትን ማኅተም አይቶ፣ ክፍሉን በር ድረስ አሽጎ መደወሉ ነበር።

«እመቤት፣ ማኅተም መስበር እና ማረጋገጫ ማዘግየት ተብሎ ተይዞብዎታል» አለ። «ነገ ቢሮ ይቅረቡ። ቀይዋን ስልክ ደግሞ ነቅዬ ወስጃታለሁ... ለሌላ አቅራቢ ስለምትሰጥ።»

መልስ ነበረኝ። የምናገረው ሞልቶኝ ነበር፣ ለእሱም፣ ለአሠልጣኙም፣ ለባለሙያዎቹም የሚበቃ ስድብ ነበረኝ። ግን ነርሷ በሩን ከፍታ «ነቅታለች» አለችኝ። ስልኩን እሱ እያወራ ለድመቱ ሰጠሁትና ገባሁ።

ትንሿ ነጭ አንሶላ ውስጥ ሰጥማለች። አንድ እጇ ላይ መርፌ ተሰክቷል፣ ስለዚህ በአንዱ ነው የምታወራው፣ ቀስ ብላ። ስለ ልጁ አልጠየቀችኝም። ባዶ ሆዷ ነግሯታል።

«ስልኬ ተበላሽቶ ነበር?» አለችኝ። «ምን ነክቼ እንዳበላሸሁት አላውቅም። ድመቱ ተቆጣ?»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አዎ፣ ተበላሽቶ ነበር ማለት ይቻለኛል። የቴክኒክ ችግር ነው። ሠልጥኜበታለሁ። ለደንበኛ ሁሉ ስለው የዋልኩት ነው። ግን ለእሷ ዋሽቼ አላውቅም፤ እጅ ሲዋሽ ታውቃለች።

«አልተበላሸም» አልኳት። «ዝጉ ተባልን። መስመሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ክፈቱ ሳይሉኝ መክፈት ፈራሁ።»

እጆቼን አየቻቸው፣ ንግግሬ ካለቀም በኋላ፣ የሚጨምሩት ነገር ያለ ይመስል ቆየች። እኔም ልጨምር ነበር። ስለ ቀይዋ ስልክ፣ ስለ እርሳሷ፣ በማር ድምፅ ስላነጋገረችኝ ሴት ልነግራት እጄን አነሳሁ።

ዓይኗን ጨፈነች።

እጄ አየር ላይ ቀረ። ትከሻዋን መንካት እችል ነበር፣ አልነካኋትም። እስክትከፍተው ድረስ እዚያው ተቀመጥኩ።